ስለ ገበያ ዶሮ አያያዝ

በበዓል ዋዜማ በልደታ አካባቢ ዶሮ እግሩ ታስሮ፥ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲወሰድ እናያለን። ዶሮ እንደ ሰው ሳንባውን ከሆድ ዕቃው የሚከልል ጡንቻ የለውም፤ ስለዚህ ሲዘቀዘቅ ሆድ ዕቃው በመተንፈሻው ላይ ተጭኖ ያስጨንቀዋል። «ነገ ለሚታረድ ምን ይታዘንለታል?» የሚሉ አሉ። ይኽ ክርክር ደካማ ነው፤ መታረዱ ሥቃዩን አያጸድቅምና። ስናርድ በስመ አብ ብለን እንባርካለን፤ ሥጋውንም ደጋግመን እናጥባለን፤ በሕይወቱ ሳለ ግን እንደ ዕቃ እንይዘዋለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ መጨከንን ይከለክላል፤ ሕጉ የሚተረጐምበት ፍርድ ቤትም እዚያው ልደታ ይገኛል። ይኹን እንጂ ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የሚወስደው ገዢው ነውና። ቅርጫት ይዞ ገበያ መውጣት የእኛ የገዢዎቹ ፈንታ ነው።