የደረቀ የደም ጠብታና የሚዘገየው ውጤት

በማጣሪያ ወረቀት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ የቫይረስ ሕመሞችን መመርመር ብዙ የተወደሰ ዘዴ ነው። ውዳሴውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሮበርት ጉትሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ለአራስ ሕፃናት ምርመራ ይፋ ያደረገው ይህ ወረቀት፣ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ እናቶች ለሚወለዱ ሕፃናት ማቀዝቀዣ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሳይቀር አገልግሏል። የእናትየው ፀረ እንግዳ አካላት በሕፃኑ ደም እስከ 18 ወር ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሕፃኑን መያዝ አያረጋግጥም፤ የቫይረሱን ዘረመል በፒሲአር መፈለግ ግድ ነው። መሣሪያው በከተማ፣ ሕፃኑ በገጠር ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኘው ከተረከዝ የተወሰደው ጠብታ ነው።

ይሁንና የዘዴው አወዳሾች ትክክለኛነቱን የሚለኩት በላቦራቶሪው ግድግዳ ውስጥ ብቻ ነው። ሕክምና ካላገኙ ኤችአይቪ ያለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ሞቱ የሚበረታውም በ2ኛውና በ3ኛው ወር ገደማ ነው። በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ሕክምናን ወዲያው መጀመር የሕፃናቱን ሞት በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እንግዲህ በ6ኛው ሳምንት የተወሰደ ናሙና ውጤቱ በ4ኛው ወር ለእናትየው ቢነገር፣ የፒሲአሩ ጥራት ለማን ይጠቅማል? ፈሳሽ ደም ስለሚበላሽ ባለሙያውን ያስቸኩላል። የደረቀው ግን በመሳቢያ ውስጥ ይታገሣል፤ የዘዴው ትልቁ በረከት ለቸልተኝነትም የተመቸ ሆኗል።

የአሠራር ግድፈቱም ቀላል አይደለም። በአንዱ ክብ ላይ ጠብታ በጠብታ መደራረብ፣ ወረቀቱን በፀሐይ ማድረቅ፣ ሳይደርቅ ማሸግ፣ እርጥበት መምጠጫውን መርሳት ናሙናውን ያስጥላሉ፤ እናትየውም ዳግም ትመላለሳለች፣ መመለስ ከቻለች።

የቫይረስ መጠንን ለመከታተል ሲውል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ወረቀቱ የሚይዘው ሙሉ ደም በመሆኑ በሕዋሳት ውስጥ የተሸሸገው ዘረመል አብሮ ሊቆጠርና መጠኑን ከእውነተኛው ሊያስበልጥ ይችላል፤ በዝቅተኛ መጠን ላይ ፕላዝማ ይመረጣል። ለጉበት ቫይረሶች ቢ እና ሲ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የተቀበለውም ከደም ሥር መቅዳት ለማይቻልበት ሁኔታ እንጂ ለሁሉም አይደለም።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕፃናት በሕክምናው ቦታ የሚደረገውን የዘረመል ምርመራ አጥብቆ መክሯል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው ሊተከል ስለማይችል ወረቀቱ ገና ሥራ አለው። ሥራው የሚመዘነው ግን ናሙናው በተወሰደበትና እናትየው ውጤቱን በሰማችበት ቀን መካከል በተቆጠሩት ቀናት ነው፤ በየመዝገቡም ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሊሰፍሩ ይገባል።