በአዲስ አበባ ከፍታ ዓሣ ማራባት

አንሲስትረስ የአምባዛ ሩቅ ዘመድ ነው። የእኛ ሐይቆች አምባዛ ዝናብ ሲጥል ውሃ ወደሸፈነው ሣር ወጥቶ እንቁላሉን ይበትናል፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ አያየውም። ይህ ትንሽ የደቡብ አሜሪካ ዘመዱ ግን እንቁላሉን የሚያስጥለው ጠባብ ዋሻ ውስጥ ነው። ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ዋሻውን የማይለቀውም ወንዱ ነው። ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ገላው በአጥንት ቅርፊት ተሸፍኗል፣ አፉ ከሥር ሆኖ ድንጋይና መስታወት ላይ ይጣበቃል። ሱቅ ውስጥ “መስታወት ያጸዳል” ተብሎ ይሸጣል። ማጽዳቱ እውነት ነው፤ ለዚያ ብቻ ብሎ የገዛው ሰው ግን የዚህን ዓሣ ትልቁን ሙያ ሳያይ ይቀራል።

ስለ ማራባቱ ያነበብኳቸው መመሪያዎች የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ነው። ስለ ሙቀት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ውሃው ፒኤች በሰፊው ያስረዳሉ፤ ስለ አየር አንድ መስመር ጽፈው ያልፋሉ። እነሱ ዘንድ ይበቃል። አዲስ አበባ ግን 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ያው ውሃ በዚያው ሙቀት የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ፓምፕ ብንደራርብም ከዚህ ጣሪያ አናልፍም። የምንችለው ውሃው በየጥጋጥጉ ወደ ጣሪያው እንዲጠጋ ማድረግ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ አንሲስትረስ ላራባ ያለ ሰው ከምግቡም ከመድኃኒቱም በፊት አየሩን ያስብ እላለሁ።

ትልቁ ዓሣ በዚህ ረገድ ብልሃት አለው። አየር ሲያጥረው ወደ ላይ ተወንጭፎ ይጎርስና በጨጓራው ግድግዳ በኩል ኦክስጅኑን ይወስዳል። እንቁላል ግን የትም አይሄድም። ተጣብቆ በተቀመጠበት፣ ከዋሻው ጫፍ ላይ፣ የሚደርሰውን ውሃ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ያንን ውሃ የሚያደርስለት አባቱ ነው። የአርቢው ሥራ በሙሉ አባትየው የሚገፋው ውሃ የሚረባ ውሃ እንዲሆን ማድረግ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዋሻው ከሸክላ ቢሆን እመርጣለሁ። አንድ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የውስጥ ስፋቱ ከ4 እስከ 5። ስፋቱን የሚወስነው ወንዱ ራሱ ነው፤ ገብቶ የደረት ክንፎቹን ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ መንካት አለበት። ከዚያ ከሰፋ ሴቷን እንቁላል እስክትጥል አግቶ ማቆየት ያቅተዋል፣ በክንፉ የሚገፋውም ውሃ እንቁላሉ ጋ ሳይደርስ ይበተናል። በእንጨትና በድንጋይ መካከል የተተወ ሰፊ ክፍተት ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ለእንቁላል ግን አይመረጥም።

ሸክላውን የማሠራው ቀጨኔ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አንዲት እናት የያዝኩትን ስዕል ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

“ምንድን ነው ይሄ ልጄ? ጀበና አይደል፣ ገንቦ አይደል።”

“የዓሣ ቤት ነው እማማ። እንቁላሉን የሚያስቀምጥበት።”

“ታሟሸዋለህ?”

“አላሟሸውም። ቅባት አይወድም።”

“እንግዲያው እሳቱን ላብዛለት። ያልበሰለ ሸክላ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይፈርሳል።”

እንዳሉትም አደረጉት። ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፣ ድስትም እንዲሁ። ይህ ዕቃ ግን ምንም ዓይነት ቅባት ሊነካው አይገባም፤ ቅባት የውሃውን ፊት ሸፍኖ አየር እንዳይገባ ይዘጋል። ከምድጃው የወጣውን ሸክላ በንጹሕ ውሃ አፍልቶ፣ ውሃውን እየቀየሩ ጥቂት ቀን መዘፍዘፍ ይበቃል። በጣት ሲታሽ ዱቄት የሚለቅ ከሆነ ገና አልበሰለምና ይመለስ።

ቱቦው ወለሉ ላይ ተጋድሞ፣ አፉ ወደ ፊልተሩ ፍሰት ገደድ ብሎ ይቀመጣል። ውሃው በአፉ ዳር ማለፍ አለበት እንጂ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ መንፈስ የለበትም፤ የሚነፍስበትን ቤት ወንዱ ጥሎ ይሄዳል። አጠገቡ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር አደርጋለሁ። ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት ጥሩ ነው። ሁለት ወንድ ካለ ዋሻዎቹ ይራራቁ፣ አንዱ የሌላውን በር አይይ።

ዓሣዎቹን ለመራባት የሚያነሳሳቸው የዝናብ ወቅት ነው፤ በትውልድ ወንዛቸው ዝናብ ሲመጣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ይለሰልሳል፣ አየሩም ይበዛል። እኛ ቤት ይህን ለማምጣት የአኳሪየሙን ውሃ ሩቡን ያህል ቀድቶ በሦስት ዲግሪ ያህል በቀዘቀዘ መተካት፣ ይህንንም ለተከታታይ ቀናት መድገም ነው። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ እንደሆነ ቀዝቃዛ ነው፤ ክሎሪኑ እንዲለቀው በአየር ፓምፕ እያንቦጫረቁ ማሳደር፣ ከዚያ በጥንቃቄ ማለዘብ ብቻ ይቀራል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ይለሰልሳል። አንሲስትረስ በሁለቱም ይኖራል፤ ዋናው ከአንዱ ወደ ሌላው በድንገት አለመዝለል ነው። ማሞቂያውን 25 ላይ አቆመዋለሁ። 28 ላይ እንቁላሉ ቶሎ ይፈለፈላል የሚሉ አሉ፤ ይፈለፈላል፣ ግን በዚህ ከፍታ ያቺ የሦስት ዲግሪ ሙቀት የምትወስደው ኦክስጅን ቀላል አይደለም።

እንቁላሉ ብርቱካንማ ነው፤ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ወይን ዘለላ ይሆናል። ሴቷ ከጣለች በኋላ ወንዱ ያስወጣታል፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእሱ ነው። በቀይ ላስቲክ የሸፈንኩትን የእጅ ባትሪ ጠጋ አድርጌ ሳየው ዘለላውን በገላው ተጠግቶ አንዱን የደረት ክንፍ ያነሳል፣ ይጥላል፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ በመካከሉ ጅራቱን አንዴ ይመታል። ጥቂት ይቆምና በአፉ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ይነካካል፤ ነጭ የሆነውን፣ የሞተውን፣ ነቅሎ ያወጣል። ቀን ሲያልፍ በእንቁላሉ ቆዳ በኩል ሁለት ጥቁር ዓይን ይታያል፣ ጅራት መሰል ነገር ይርገበገባል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንዱ ምግብ እምብዛም አይቀምስም። እኔ ከየትኛውም መለኪያ በላይ የማምነው የክንፉን ፍጥነት ነው። ያለ ዕረፍት ሲያራግብ ካየሁት ውሃው አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ ፓምፑን እጨምራለሁ፣ የተረፈ ምግብ ካለ አወጣለሁ፣ ጥቂት ውሃ እቀይራለሁ። ክንፉ ወደ ቀድሞ እርጋታው ሲመለስ ልቤም ያርፋል።

ወንዱ ግንባሩ ላይ ያሉት ጢም የሚመስሉ ሥጋዊ ቅርንጫፎች ሴቷ ላይ የሉም፣ ቢኖሩም አጫጭር ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. የዓሣ ተመራማሪው ማርክ ሳባጅና ሁለት ባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ጢሞቹ አዲስ የተፈለፈሉ ልጆችን ይመስላሉ፤ ሴቷ ልጅ መጠበቅ የሚችል ወንድ ስለምትመርጥ፣ ልጅ ያለው መስሎ መታየት ይጠቅመዋል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ወንዱ ከዋሻው አፍ ላይ ግንባሩን ብቅ ሲያደርግ የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ግን ገና ዓሣ አይመስሉም፤ ትልቅ የአስኳል ከረጢት የተሸከሙ ጅራቶች ናቸው። የዋሻው ግድግዳ ላይ በአፋቸው ተጣብቀው ሌላ ሳምንት ገደማ ይቆያሉ፣ አባትየውም ማራገቡን አያቆምም። በዚህ ጊዜ ቱቦውን አንስቶ ማየት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ አይነሳ። አንዳንድ ወጣት ወንድ የመጀመሪያ እንቁላሉን ከዋሻው ያስወጣል። ያኔ ዘለላውን ውሃው ውስጥ በተንጠለጠለ ትንሽ ሳጥን አስገብቶ፣ አረፋው ሳያናውጠው በአጠገቡ እንዲያልፍ ማድረግና ነጩን መልቀም ነው። ወንዱ አይጣል፤ ብዙዎቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይለምዱታል።

መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያመጣው ብርድ ልብስ ነው፣ አኳሪየሙን ከላይ እስከ ታች ይሸፍነዋል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ዓሣውም ይችለዋል፤ የውሃውን ፊት መሸፈን ግን ያለችውን አየር መከልከል ነው። ጎን ጎኑን ሸፍኖ ላዩን መተው ይሻላል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ እንቁላል ላለበት ቤት የግድ ነው። ከውጭ የሚቆም የተዘጋ ፊልተር ካለ ደግሞ ከሶኬቱ ይነቀል። ለሰዓታት ቆሞ የዋለ ፊልተር ውስጡ ይበላሻል፤ መብራት ሲመጣ ያንን ውሃ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ሳይታጠብ መልሶ ማስነሳት ልጆቹን በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል።

ልጆቹ ሲወጡ ዝኩኒ፣ ዱባና ቆስጣ በፈላ ውሃ ገረፍ አድርጎ መስጠት ነው። እንጨትም ይገባላቸው፣ ይፍቁታል። ሆዳቸው ባዶ መዋል የለበትም፣ የተረፈውም ሳይበሰብስ ይውጣ።

ይህን ሙያ በርካሹ ዓሣ መማር የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በብራዚል ሺንጉ ወንዝ፣ አልታሚራ አጠገብ ባለው ትልቁ ጥምዝ፣ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የሆነ ሂፓንሲስትረስ ዜብራ የሚባል ዓሣ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወንዝ በቀር ሌላ አገር የለውም። የቤሎ ሞንቴ ግድብ አብዛኛውን የወንዙን ውሃ ከዚያ ጥምዝ አሻግሮ ወስዶበታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት በሁለተኛው መዝገቡ አስገባው። እሱም እንደ አንሲስትረስ በዋሻ ይራባል፣ አባቱም እንደዚሁ ያራግባል፤ ግን በአንድ ጊዜ የሚጥለው እንቁላል በጣት የሚቆጠር ነው፣ የሚፈልገው ውሃም እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ነው። በዚያ ሙቀት፣ በእኛ ከፍታ፣ አየሩ ምን ያህል እንደሚሳሳ አንባቢው ራሱ ያስላው። በኮንትሮባንድ ከወንዙ የወጣ ዜብራ መግዛት ወንዙን ማራቆት ነው፤ ሰው ቤት የተወለደውንም ቢሆን አንሲስትረስ ላይ እጁን ያላፍታታ ሰው ባይነካው ደስ ይለኛል።

አንድ ጥንድ አንሲስትረስ ከተስማማው ልጅ ይተርፋል። የተረፈውን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይታሰብም። የዚህ ቤተሰብ ትልልቅ ዝርያዎች በሜክሲኮና በፊሊፒንስ ከቤት ወጥተው ወንዝ ወርረዋል፤ ጣና ደግሞ የትም ዓለም የማይገኙ የቢልጫ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። እኔ የማድለው ለሚያውቁኝ አርቢዎች ነው። የሚወስደውን ሰው ስለ አኳሪየሙ ስፋትም ስለ ምግቡም ከመጠየቄ በፊት በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ እንዳለው እጠይቃለሁ። ከሌለው እስኪገዛ ድረስ ልጆቹ እኔው ጋ ይቆያሉ።