የበገና ድርደራ፦ የእንዝራ ቅንብርና የጣት ልምምድ

በገና ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቀላል ቢመስልም፣ ለመደርደር ለሚቀርበው ግን ትዕግሥትን አብዝቶ የሚጠይቅ የዜማ መሣሪያ ነው። 10 አውታሮች ቢኖሩትም በጣት ሲደረደር በአብዛኛው የሚመቱት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ በቀሩት ላይ መትቶ የተመለሰ ጣት ስለሚያርፍ፣ የጥበቡ ክብደት ያለው በፍጥነት ሳይሆን በድምፅ ጥራትና በአመታት እኩልነት ላይ ነው።

የድምፁ ምሥጢር እንዝራ ነው። እንዝራ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹን ከገበቴው (ከድምፅ ሳጥኑ) ቆዳ ከፍ አድርጎ በሚይዘው ብርኩማ መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ሲሆን፣ በብርኩማው ጠርዝ ላይ በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ታች እየተገፋ ቦታውን ሲያገኝ፣ የተመታው አውታር ጠርዙን ደጋግሞ እየነካ የበገና መለያ የሆነውን ጎርናና ንዝረት ይሰጣል። ቦታውን ከሳተ ግን አውታሩ ወይ ይታፈናል፣ ወይ ንዝረት የሌለው ባዶ ድምፅ ያወጣል። ይህን የሚለየው ጆሮ ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪው አንዱን አውታር ለብቻው እየመታ፣ እንዝራውን እያነቃነቀ፣ እንደገና እየመታ ማዳመጥ ይኖርበታል።

ከጆሮ ቀጥሎ የሚሠለጥነው ግራ እጅ ነው። በዛሬው ትምህርት ጣቶች ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣቸውና አጭር የድርደራ ሐረግ በዝግታ እየተደጋገመ ይጠናል፤ ደርዳሪው ራሱ ዘማሪ በመሆኑም፣ እጁ ያለ ሐሳብ ድካም መሄድ ሲጀምር ቃሉ ይጨመርበታል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ አፉ ሲከፈት እጁ ይፈጥናል ወይም ይቆማል። መድኃኒቱም ወደ ባዶ ድርደራ መመለስና ቃሉን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ነው። በካርታ ምትሃት የሚያሳይ ሰው የእጁን ሥራ ተመልካች እንዳያየው እስኪሆን ድረስ እንደሚለማመድ ሁሉ፣ በገና ደርዳሪም እጁን በልምምድ ይሰውራል፤ የመጀመሪያው የሚሰውረው ዓይንን ለማታለል ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ሰሚው ልቡን ለቃሉ እንዲሰጥ ነው።

ይህ ጥበብ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ የእንጦጦው ተወላጅ የመምህር ዓለሙ አጋ ሕይወት ያስረዳል። በ1950 እ.ኤ.አ. የተወለዱት መምህር ዓለሙ በገናን የጀመሩት በ12 ዓመታቸው፣ የታወቁት ደርዳሪ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በጎረቤትነት በመጡ ጊዜ ነበር፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ሲርቅ፣ ጥበቡን ያቆየው ይኸው ከመምህር እጅ ወደ ተማሪ እጅ የተላለፈው ልምምድ ነው።

ስለዚህ በገና የሚማር ሁሉ የሚያውቃቸውን መዝሙሮች ብዛት ለመቁጠር አይቸኩል፤ አስቀድሞ እንዝራውን በገዛ እጁ ማቃናትን ይማር፣ መምህራንም ያለዚህ ወደ ዝማሬ አያሻግሩት።