ስለ ቪላን አሰጣጥ፦ ከላቦራቶሪ እስከ ዶሎ ኦዶ

በአንድ ስዊች ላይ ያሉትን ፖርቶች በየወገናቸው ከፍሎ እንደ ልዩ ልዩ መረብ እንዲሠሩ ማድረግ፥ ቪላን የሚባለው ሥርዐት፥ የመረብ ትምህርት ተማሪ ከሚለማመዳቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልምምዱ በላቦራቶሪ የሚሰጥበትን መንገድ መመርመር ነው። ለመመዘኛም ከላቦራቶሪ እጅግ የራቀችውን ዶሎ ኦዶን እንወስዳለን።

በቅድሚያ የመመሪያዎቹን በጎ ጎን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው 802.1ኪው የተባለው ደንብ በየፍሬሙ ላይ 4 ባይት ምልክት እንደሚጨምር፥ ከዚህም ውስጥ 12ቱ ቢት ለቪላን ቁጥር ስለ ተመደበ እስከ 4094 ቪላን መክፈት እንደሚቻል፥ ተማሪው በሚገባ ይረዳል። ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ዶሎ ኦዶ ገናሌና ዳዋ በሚገናኙበት፥ በሶማሊያና በኬንያ ወሰን አጠገብ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በአካባቢዋ ቦቆልማንዮ፥ መልካዲዳ፥ ቆቤ፥ ሂላወይንና ቡራሚኖ የተባሉ አምስት የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያዎች ተቋቁመዋል። በዚያ አንድ ስዊች ያለው ጽሕፈት ቤት አለ እንበል፤ ቪላን 10 ለስደተኞች መዝገብ፥ ቪላን 20 ለሒሳብ ክፍል ተመድበዋል፤ አሁን ደግሞ ለእንግዶች ኢንተርኔት ቪላን 30 ሊጨመር ነው።

አንደኛው ነቀፌታችን ስለ ፈተናው ነው። ተማሪው ቪላኖቹን ከለየ በኋላ በራውተር ያገናኛቸዋል፤ ከዚያም ሁሉም ኮምፒዩተር ለሁሉም በፒንግ ሲመልስ «ትክክል» ይባላል። ነገር ግን ራውተሩ ከልካይ ዝርዝር ካልተጻፈለት በቀር ያገኘውን ሁሉ ያሳልፋል። እንግዲህ የተመሰገነው ተማሪ በአንድ እጁ የለየውን በሌላ እጁ ቀላቅሎታል ማለት ነው። በዶሎ ኦዶው ጽሕፈት ቤት ይህ ቢሆን ለእንግዳ የተከፈተው መስመር ወደ ስደተኞች መዝገብ ያደርሳል። ከጦርነት የሸሸ ሰው ስም ከማይገባ እጅ ቢገባ ጉዳቱ የኮምፒዩተር ጉዳት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ስሕተት ነው። በሲስኮ ስዊች ላይ በትራንክ የሚያልፉትን ቪላኖች ለመጨመር «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 30» ይባላል። «አድ» የምትለዋ ቃል ከተረሳች ትእዛዙ ይጨምራል ሳይሆን ይተካል፤ 30 ብቻውን ይቀርና 10 እና 20 ይቋረጣሉ። በላቦራቶሪ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ኬብሉን ሰክቶ ማረም ይቻላል። ከአዲስ አበባ ሆኖ በዚያው ትራንክ በቪላን 10 የገባ ባለሙያ ግን ራሱን ቈልፎ ያስወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወደ ቈላው መጓዝ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ጥቂት ነው። ተማሪው ስዊቹን ሳይነካ ማን ከማን ጋር መገናኘት እንዳለበትና ማን ከማን መከልከል እንዳለበት በወረቀት ይጻፍ፤ ፈተናውም የሚያልፈውን ብቻ ሳይሆን የማያልፈውንም ይመርምር። ከሩቅ ሆኖ ለውጥ ሲያደርግም አስቀድሞ የነበረውን አሠራር ያስቀምጥ፤ «ሪሎድ ኢን 10» ብሎ ይዘዝ፤ አዲሱን ለውጥ ግን መሥራቱን ሳያረጋግጥ አያስቀምጥ። ግንኙነቱ ቢቋረጥ ስዊቹ 10 ደቂቃው ሲያልቅ ዳግም ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ መልካም ከሆነ ትእዛዙን ሰርዞ ለውጡን ያጸናል።

ትምህርታችን ስሕተት በቀላሉ በሚታረምበት ክፍል ይሰጣል፤ የምንሠማራው ግን ስሕተት በቀላሉ ወደማይታረምበት አገር ነው። መመሪያውን የሚያዘጋጁ መምህራን ይህን ልዩነት እንዲያስቡበት በአክብሮት እናሳስባለን።