ታጥቦ የሚታደስ ሸክላ

ጥንቅቅ ያለ የእጅ ሥራ አሳየኝ የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ጀበናውንም መሶቡንም ትቼ የውሃ ማጣሪያውን ክዳን ነው የማነሣለት። ሁለቱ ተደራራቢ ባልዲዎችና ከሥር ያለችው ቧንቧ ተራ ነገር ናቸው። ሥራው ያለው የላይኛው ባልዲ ውስጥ ቆሞ በሚታየው ነጭ ሸክላ ላይ ነው። ጫፉ ድቡልቡል፣ ውስጡ ክፍት፣ ቁመቱ ከስንዝር ብዙም የማያልፍ ነው።

ደረቁን በእጅ ሲይዙት ከግምት በላይ ይቀላል። እርጥብ ጣት ሲያስጠጉበት ጠብታዋን ወዲያው ይመጣታል፤ ጣት የነካው ቦታ ለአፍታ ይጠቁርና መልሶ ይነጣል። ቅባትም ቀለምም አልተቀባም። ማንኛዋም ሸክላ ሠሪ እንስራዋን እንዳያፈስ ፊቱን በድንጋይ ፍቃ፣ አለስልሳ ትደፍነዋለች። ይኼኛው ግን እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው፤ የሠሪው ጥበብም የሚለካው ማሳለፊያውን ምን ያህል አጥብቦ፣ ምን ያህልስ አንድ ወጥ አድርጎ እንደተወው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዲያቶማይት ከሚባል ነጭ አፈር ነው። ዲያቶም በዓይን የማትታይ የውሃ ውስጥ ነፍስ ናት፤ ለራሷ ከሲሊካ የተሠራ፣ የተበሳሳ ቅርፊት ትለብሳለች። ስትሞት ቅርፊቷ የሐይቁ ወለል ላይ ይቀራል፤ ያ በብዙ ሺህ ዓመት ተደራርቦ አፈር ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርቻም ይገኛል። በፓስተር ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሻርል ሻምበርላን በ1884 እ.ኤ.አ. ከፖርሴሊን የሠራው ማጣሪያ ባክቴሪያን ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው በግፊት ካልተገፋ የሚያልፈው በጣም በዝግታ ነበር። በሰሜን ጀርመን፣ በሴለ ከተማ፣ ቪልሄልም በርክፌልድ በ1891 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከዲያቶም አፈር የሠራው ግን ፈጠን ብሎ ያሳልፍ ጀመር። ዛሬ በየቤታችን ያለው ሸክላ የዚያ ዘር ነው።

ጥሩ ሆኖ የተሠራው ሸክላ ቀዳዳዎቹ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ፣ ያንሳሉ። ሆዳችንን የሚያውኩት አሜባና ጃርዲያ ቅርፊት ለብሰው በውሃ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ማይክሮን ናቸውና ደጅ ይቀራሉ። ባክቴሪያውም ቢሆን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ቫይረስ ግን እጅግ ስለሚያንስ ሊያልፍ ይችላል፤ ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር የግድ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። የጨርቅ ማጣሪያ ቆሻሻውን ጉያው ውስጥ ያስገባና አንድ ቀን ተደፍኖ ይቀራል። ይህ ሸክላ ግን አብዛኛውን ቆሻሻ ፊቱ ላይ ነው የሚያስቀረው። ገላውም ከላይ እስከ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው፤ የላይኛው ስስ ሽፋን ሲፋቅ ከሥሩ የሚወጣው ያው የመጀመሪያው ፊት ነው። ሠሪው፣ ሸክላው እየተፋቀ ሲያልቅ እንኳ እንዳይበላሽ አድርጎ ሠርቶታል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው እጥበቱን እንደ ተራ የቤት ሥራ አይቆጥረውም።

እናቴ ስታጥበው ማየት እወዳለሁ። መጀመሪያ እጇን በሳሙና ታጥባ ሳሙናውን አጥርታ ታስለቅቃለች። ከባልዲው ሥር ያለውን ዳዶ በእጇ ትፈታና ሸክላውን ከፕላስቲክ መቀመጫው ይዛ ታወጣዋለች፤ ነጩን ገላ አትጨብጠውም። ከመቀመጫው ሥር ያለውን የቱቦ አፍ በአውራ ጣቷ ትደፍናለች፤ እድፉ በዚያ ከገባ ወደ ተጣራው ውሃ ነው የሚሄደው። ከዚያ ተጣርቶ በተቀመጠ ውሃ እያራሰች፣ በለስላሳ ብሩሽ ከመቀመጫው ወደ ጫፉ ትስበዋለች። በተለይ ክረምት ላይ፣ ቧንቧው ሲደፈርስ፣ የሚወጣው ዝልግልግ ቡናማ ነገር ነው፤ ብሩሹ ባለፈበት ሁሉ ነጭ መስመር ይቀራል። እህቴ አንድ ቀን ጠንከር አድርጋ ስትፈትግ አይታ፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ድስት አይደለም የምትፍቂው» አለቻት። ልክ ናት፤ እያንዳንዱ ፍተጋ ከሸክላው ዕድሜ ይወስዳል። ኦሞም ሆነ ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም፤ አንዴ ቀዳዳው ከጠጣው ጣዕሙ ከውሃው ጋር ሲወርድ ይከርማል።

መልሶ ሲገጠም ልብ የሚባለው ጎሚኒው ነው። ተጣሞ ከተቀመጠ ያልተጣራው ውሃ በጎኑ ሾልኮ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሸክላው ጥራት ሁሉ ከንቱ ነው። ዳዶው እጅ እስኪበቃው ይጠብቃል፤ በፒንሳ ማጥበቅ መቀመጫውን ይሰነጥቃል። ከእጥበት በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል። የታችኛውን ባልዲና የቧንቧዋን አፍ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል፤ እነሱ ግን በሳሙና በደንብ መታጠብ አለባቸው፤ የተጣራ ውሃ ያደፈ ባልዲ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይበከላልና።

ስንጥቅ መኖሩን በዓይን ብቻ ማወቅ ያስቸግራል። ሸክላውን ውሃ ውስጥ ነክሮ በደንብ እንዲጠጣ ማድረግ፣ ከዚያም እንደተነከረ በንጹሕ ቱቦ በአፉ በኩል ቀስ ብሎ መንፋት ነው። ደህናው አየር አያሳልፍም፤ ከአንድ ቦታ አረፋ ከተከታተለ ግን ተሰንጥቋል፤ ይጣል።

አንዳንድ አምራቾች ከሸክላው ጋር ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ይሰጣሉ። ሸክላው በጣም የሳሳበት ቦታ ላይ መለኪያው ሳይነካ ካለፈ፣ ምንም ነጭና ንጹሕ ቢመስል፣ መቀየር አለበት። ሠሪው እስከ የት ድረስ ለሥራው ዋስ እንደሚሆን የተናገረው በዚህ መለኪያ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሸክላው ብቻውን ተነጥሎ ይሸጣል፤ የሚገዛ ሰው መለኪያው የት አለ ብሎ ይጠይቅ።