ስለ ቤት ማጫወቻና ስለ ድምፅ ማከማቻ አመራረጥ፤ ከጨፋ ሸለቆ የተገኘ ትችት

ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲነሣ በመጀመሪያ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ መልኩን ያያል፤ ዕቃው ምን እንዲጠብቅለት እንደሚሻ የሚያስበው ግን ብዙ ጊዜ ከገዛ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንተቸው ያሰብነው ይህንኑ ልማድ ነው። የምንመረምራቸውም ዕቃዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በቤት ውስጥ ዘፈንና ፊልም የሚያጫውተው ትንሽ ሣጥን ሲሆን፥ ሁለተኛው የቤቱን ፋይሎች ሁሉ በአንድነት ይዞ ለየክፍሉ የሚያድለው የኔትዎርክ ማከማቻ ነው። መመዘኛ ያደረግነው በከሚሴ ከተማ ያየነውን አንድ ቤት ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፥ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የጨፋን ሸለቆ የቦርከና ወንዝ ስለሚያረሰርሰው በበጋ ሌላው ምድር ሲደርቅ የጨፋ ሣር ይቈያል፤ ስለዚህም የኦሮሞ፥ የአፋር፥ የአርጎባና የአማራ ከብት አርቢዎች ይገናኙበታል። ከብቱ በሚገናኝበት ስፍራ ቋንቋውም ዜማውም ይገናኛል። በሠርግ ቤት ኦሮምኛውና አማርኛው ተራ በተራ ይሰማል፤ በመንዙማ ደግሞ ዐረብኛው ይጨመርበታል። በዚሁ ዞን ያለችው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ከመታወቋም በላይ፥ ከትዝታ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከሚቈጠሩት ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር በአንድ ቤት ጓዳ የተቀመጠ የካሴት ሣጥን እንደ ተራ ዕቃ ሊታለፍ አይገባውም።

ያየነው ቤት የአንድ አረጋዊ ነጋዴ ቤት ነው። አረጋዊው ስድሳ ያህል ካሴት በቆርቆሮ ሣጥን አኑረዋል። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ የካሴት ዓይነት ሰው በገዛ ቤቱ ድምፅ እንዲቀርጽ ስላስቻለ፥ ከስድሳዎቹ የሚበዙት ከሱቅ የተገዙ ሳይሆኑ በመንዙማ ሌሊት፥ በሠርግና በዘመድ ጉባኤ የተቀረጹ ናቸው። ከእነዚህም በአንደኛው ላይ የሞቱት እናታቸው በኦሮምኛ የሠርግ ዜማ ሲያዜሙ ይሰማ ነበር። ነበር ማለታችን ምክንያት አለው። ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር ከመሄዱ በፊት ያንን ድምፅ ወደ ስልክ ሚሞሪ ገለበጠው፤ ካሴቱ ግን ከጊዜ በኋላ ሌላ ነገር ተቀረጸበት። ሚሞሪውንም ከቤተ ሰቡ አንዱ አዲስ ዘፈን ለማስጫን ወደ አንድ ሱቅ በወሰደው ጊዜ፥ የነበረው ሁሉ ተጠርጎ በሌላ ተሞላ።

«አባባ፥ ሌላ ቅጂ አላስቀመጡም?» ብለን በጠየቅናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጆቼ፥ የዘፋኙን ዘፈን ከገበያ አገኘዋለሁ፤ የእናቴን ድምፅ ከየትኛው ገበያ ልሸምተው?» አሉን።

ከዚህ በኋላ በሌላ ከተማ የሚኖር ዘመዳቸው ሁለት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ የኔትዎርክ ማከማቻና ለቴሌቪዥኑ የሚሆን አዲስ ማጫወቻ እንዲገዙ መክሯቸዋል። እኛንም የጠየቁን «ይህ ምክር ይበጀኛልን?» ብለው ነው። ምክሩ በበጎ ልቡና የተሰጠ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ሊመዘን ይገባዋል።

ስለ እነዚህ ዕቃዎች በተለምዶ የሚሰጠው ምክር ከሥዕሉ ጥራት ይጀምራል። ማጫወቻው ፎር ኬ ያሳያልን? በአዲሱ ዘዴ የታመቀውን ፊልም ሳይንገጫገጭ ያጫውታልን? ማከማቻውስ ስንት ቴራባይት ይይዛል? እነዚህ ጥያቄዎች ከንቱ አይደሉም፤ ፊልሙን ሊፈታ የማይችል ማጫወቻ የገዛ ሰው ገንዘቡን አባክኗል። ዳሩ ግን ምክሩ ሳይናገራቸው እንደ እውነት የሚወስዳቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ይኸውም መብራት እንደማይቋረጥ፥ ኢንተርኔት እንደማይወደድ፥ የጠፋውም ነገር ተመልሶ እንደሚገዛ ነው። በከሚሴው ቤት ከሦስቱ አንዱም እውነት ሆኖ አላገኘነውም።

የመጠኑን ነገር በቍጥር እንመልከት። ድምፅ ሳይታመቅ በሲዲ ጥራት ሲቀመጥ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ስድሳው ካሴት እያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ቢሆን በጠቅላላው 3,600 ደቂቃ፥ ማለት 36 ጊጋባይት ግድም ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ገብቶ ስፍራ ይተርፋል። እንግዲህ ለእኒህ አረጋዊ አራት ቴራባይት ግዙ ማለት፥ ካላቸው እህል ከመቶ እጥፍ በላይ የሚይዝ ጐተራ አሠሩ እንደ ማለት ነው። የቸገራቸው የስፍራ ጥበት ሳይሆን የሁለተኛ ቅጂ አለመኖር ነው።

አሁን በአገራችን ቤቶች ሊመረጡ የሚችሉትን ሦስት መንገዶች በሦስት ጥያቄዎች እንፈትናቸው። መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? ዲስኩ ሲበላሽ ምን ይቀራል? ያዘጋጀው ሰው አገር ጥሎ ሲሄድ ማን ይከፍተዋል?

የመጀመሪያው መንገድ ሕዝቡ ዛሬ የሚጠቀምበት ነው፤ ፍላሹን በዲሽ ሪሲቨር ላይ ሰክቶ ማጫወት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የይለፍ ቃል የለውም፤ ሕፃንም አሮጊትም ያውቀዋል። በሦስተኛው ጥያቄ ይህን የሚያህለው የለም። ነገር ግን ፍላሽ በቀላሉ ይጠፋል፥ በቀላሉም ይጠረጋል። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ሪሲቨር በፊደላችን የተጻፈውን የፋይል ስም ባዶ አራት ማዕዘን አድርጎ ስለሚያሳይ፥ የትኛው መንዙማ የትኛው የሠርግ ዜማ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ ትንሿ የማጫወቻ ሣጥን ናት። ይህች ወይ የአንድሮይድ ሣጥን ወይም በ2012 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣችው እንደ ራስበሪ ፓይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ትሆናለች። በእርሷም ላይ በመጀመሪያ ለኤክስቦክስ መጫወቻ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ስሙ ኮዲ የተባለው ፕሮግራም ይጫናል። መብራት የምትፈጀው ጥቂት ነው፤ ብዙ ዓይነት ፋይልም ታነባለች። ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው ከቴሌቪዥኑ ጋራ የምታገናኘው ገመድ ነው፤ አሮጌው ቴሌቪዥን ቢጫ፥ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ካለው፥ ኤችዲኤምአይ ብቻ ያላት ሣጥን ያለ ማገናኛ አትሠራለትም። ይሁን እንጂ ይህች ሣጥን አጫዋች እንጂ ጠባቂ አይደለችም፤ የተሰካባት አንድ ዲስክ ከተበላሸ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው የኔትዎርክ ማከማቻው ነው። ምስጋናውን ሳንነፍገው እንናገር። በቤቱ ዋይፋይ አማካይነት ለቴሌቪዥኑም ለስልኩም በአንድ ጊዜ ያድላል፤ ለዚህም ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሁለቱ ዲስኮች እንደ መስተዋት አንዱ ሌላውን እንዲመስል ስለሚደረጉ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ነገር ግን መስተዋት ጉድለትንም አብሮ ያሳያል፤ ሰው በስሕተት አንዱን ፋይል ቢሰርዝ ከሁለቱም ይሰረዛል። ሁለት ዲስክ ያለው መሣሪያ ሲሠራ ከ15 እስከ 20 ዋት ግድም እየወሰደ ዘወትር መብራት ይሻል፤ በሚጽፍበት ጊዜ መብራት በድንገት ቢጠፋ ፋይሉ ሊጐዳ ስለሚችል ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ያስፈልገዋል። የይለፍ ቃሉም አዘጋጁ ዘንድ ብቻ ከሆነ፥ አዘጋጁ ባሕር በተሻገረ ቀን ማከማቻው ቍልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ጣራ ሥር መኖራቸው ነው። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ ምን ይዞ እንደሚወጣ አስቦ ነበር። እሳትም ሆነ ሌባ፥ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱን መርጦ አይተውም። ይህን የተረዱ ሰዎች ቀድሞም ነበሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፥ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ አንዱ ደግሞ በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ለብራናው የተደረገው ጥንቃቄ ለድምፁ የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ በበኩላችን የምንሰጠው ፍርድ የሚከተለው ነው። ምርጫው ከማጫወቻው ሳይሆን ከማይተካው ነገር ይጀምር። በመጀመሪያ የቀሩት ካሴቶች ይጠበቁ፤ በካሴቱ ጀርባ ጥግና ጥግ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ሲሰበሩ ቴፑ በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀርጽ ይከለከላል። ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ጥንቃቄ በጊዜው ተደርጎ ቢሆን የእናትየዋ ድምፅ ዛሬም ይኖር ነበር። ቀጥሎ ካሴቶቹ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው በሁለት ተራ ሃርድ ዲስኮች ይቀመጡ፤ አንዱ በቤት ይሁን፥ ሌላው በኮምቦልቻ ወይም በአዲስ አበባ ባለ ዘመድ ዘንድ ይኑር። ዘመድ ለበዓል በሚመጣበት ጊዜ ሁለቱ ዲስኮች ይተያዩ። ሦስተኛ፥ ማን እንዳዜመ፥ በየት፥ በስንት ዓመተ ምሕረትና በምን ቋንቋ እንደ ሆነ በደብተር ይጻፍ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ ከአንድ ትውልድ በኋላ እንደ ጠፋ ይቈጠራልና። ማጫወቻው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመረጥ፤ ሪሲቨሩ ካልበቃም ትንሿ ሣጥን ትበቃለች።

የኔትዎርክ ማከማቻውን ፈጽመን አንነቅፍም። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያነሣ ሰው፥ ለትምህርት ቤት፥ ወይም ዕለት ዕለት የሚከታተለው ሰው ላለበት ሰፊ ቤት የሚገባ ዕቃ ነው። እዚያም ቢሆን በሌላ ስፍራ ያለውን ቅጂ አይተካም።

አንዳንዶች «ሁሉን በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አይሻልምን?» ይሉናል። 36 ጊጋባይት በሞባይል ጥቅል መላክ ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ወጪ ነው። ነገር ግን ያው ድምፅ በኤምፒስሪ ቢታመቅ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን፥ ስድሳው ካሴት ከአራት ጊጋባይት አይበልጥም። ይህ ጥቂት በጥቂት በዓረብ አገር ላለው ልጅ ሊላክ ይቻላል፤ እንዲህም ሲሆን በስደት ያለው ልጅ የቤቱ ሦስተኛ ጠባቂ ይሆናል።

ይህን አሳባችንን ለአረጋዊው በነገርናቸው ጊዜ ስለ ቴራባይቱ ብዙም አልጠየቁንም። የቆርቆሮ ሣጥኑን አስመጥተው ከልጅ ልጃቸው ጋራ የካሴቶቹን ክዳኖች አንድ በአንድ ስንሰብር ተመለከቱ፤ በየመካከሉም «ይህ የእገሌ ሠርግ ነው፤ ይህ በሞቱት ሸህ ቤት የተቀረጸ ነው» እያሉ አስጻፉን። በዚያ ቀን ወደ ደብተሩ የገቡት ሃያ ሦስት ካሴቶች ናቸው። የቀሩትን በሚመጣው ዕረፍት ለመጻፍ ቀጠሮ ይዘናል። በፍርዳችን የሳትነው ነገር ቢኖር፥ በየቤታቸው እንዲህ ያለ ሣጥን ያላቸው አንባቢዎቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።