የምጥ መቀነቱ ምስክርነት፦ በአንድ የብራና ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

በለንደን ከተማ በሚገኘው የዌልካም ስብስብ ውስጥ በቁጥር 632 የተመዘገበ አንድ ጥቅል ብራና አለ። በእንግሊዝ አገር በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ የተዘጋጀ ሲሆን ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ግን ከ3 ሜትር በላይ ነው። የክርስቶስ ሕማማት ምልክቶች ተሥለውበታል፤ ልዩ ልዩ ጸሎቶችም ተጽፈውበታል። ከነዚህም መካከል ቅዱስ ቂርቆስንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን የሚማጸን ይገኝበታል። ምጥ የያዛት ሴት ብራናውን በሆዷ ዙሪያ ብትታጠቀው በሰላም እንደምትገላገል ጽሑፉ ራሱ ተስፋ ይሰጣል። በዚህም ምክንያት ብራናው በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ «የምጥ መቀነት» በመባል ይታወቃል።

ብራናው በብዙ ቦታ የፈዘዘና እድፍ ያለበት ነው። የታሪክ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁ የኖሩትም እድፉ ከምን እንደመጣ ነው። መቀነቱ በእርግጥ በወላድ ሴት ወገብ ላይ ውሎ ያውቃልን? ወይስ ጸሎቱ ብቻ እየተነበበ በሣጥን የኖረ ነው? የተጻፈው ቃል «እንዲህ ይደረግ» ይላል እንጂ «እንዲህ ተደርጓል» ብሎ አይመሰክርም። ይህን ጥያቄ በሥነ ሕይወት መንገድ ለመመለስ የሞከረው የሣራ ፊዲመንትና የባልደረቦቻቸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታትሟል። የዚህ ሂስ ዓላማ ጥናቱ የልዩ ልዩ ሙያዎችን ኅብረት ከምን እንዳደረሰና የት ላይ እንዳቆመ መመርመር፣ ለአገራችን የብራና ቅርሶች የሚሰጠውንም ትምህርት ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ናሙና አወሳሰዱ መናገር ያስፈልጋል። በቀደሙት ዓመታት ብራና ከየትኛው እንስሳ ቆዳ እንደተሠራ በላቦራቶሪ ለማረጋገጥ ከጠርዙ ቁራጭ መውሰድ ግድ ነበር። የቤተ መዛግብት ኃላፊዎች ግን ይህን አልፈቀዱም፤ በሙያቸውም ልክ ነበሩ። ፊዲመንት በዮርክ ከተማ ወደሚገኘው የቦርትዊክ ቤተ መዛግብት በሄዱ ጊዜ ያጋጠማቸው ይኸው ክልከላ ነው። እርሳቸውም ተመልሰው አልሄዱም፤ የጥገና ባለሙያዎቹ ሥራቸውን እንዴት እንደሚያከናውኑ መከታተል ጀመሩ። ባለሙያዎቹ የብራናውን ገጽ በላጲስ በቀስታ እያሹ ያጸዳሉ፤ ፍርፋሪውንም ይጥላሉ። ላጲሱ ሲታሽ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል አማካይነት ከብራናው ላይ ጥቂት የኮላጅን ሞለኪውሎች ከፍርፋሪው ጋር ተጣብቀው ይወጣሉ። ይህን ፍርፋሪ ትሪፕሲን በተባለው ኢንዛይም ከፋፍሎ በማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያ በመመርመር የእንስሳውን ዓይነት መለየት ይቻላል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት በ13ኛው መቶ ዓመት ለነበሩት ትንንሽ መጽሐፍ ቅዱሶች የዋለው እጅግ ስስ ብራና ከጥንቸል ወይም ከሌላ ትንሽ እንስሳ ሳይሆን ከጥጃ፣ ከፍየልና ከበግ ቆዳ የተገኘ መሆኑ ተረጋግጧል።

ይህ ታሪክ በሙያዎች መካከል ስለሚደረግ ትብብር ከሚጻፉ ብዙ መግለጫዎች የበለጠ ያስተምራል። ዘዴው የተገኘው የላቦራቶሪው ሰው ያሻውን እንዲያደርግ ስለተፈቀደለት ሳይሆን ስለተከለከለ ነው። የጥገና ባለሙያው «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ባይኖረው ኖሮ ቁራጭ መቁረጡ ይቀጥል ነበር፤ የተሻለውም መንገድ ባልተፈለገ ነበር። ስለሆነም ትብብር ማለት የአንዱ ሙያ ዕውቀት የሌላውን ጥያቄ እስከ መለወጥ፣ ሲያስፈልግም እስከ መግታት ሲደርስ ነው። በአንድ ጽሑፍ ራስጌ ላይ የተደረደሩ ስሞች ብዛት ይህን አያሳይም።

የምጥ መቀነቱ ጥናት ይኸንኑ ዘዴ ከኮላጅን አሻግሮ በብራናው ላይ በጊዜ ብዛት ወደተከማቹ ሌሎች ፕሮቲኖች ወስዶታል። ውጤቱም የሚያስደንቅ ነው። የማር፣ የእህል፣ የጥራጥሬ፣ የበግ ወይም የፍየል ወተት ቅሪት ተገኝቷል። ከዚህም በላይ ብዛት ያላቸው የሰው ፔፕታይዶች የተገኙ ሲሆን ብዙዎቹ በማሕፀን አንገትና በብልት ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ተመራማሪዎቹም መቀነቱ በወሊድ ጊዜ በእርግጥ አገልግሎት ላይ የዋለ መሆኑን ውጤቱ እንደሚያመለክት ደምድመዋል።

የጥናቱ ትልቁ ብርታት ሁለት ዓይነት ማስረጃዎችን ፊት ለፊት ማገናኘቱ ነው። በመካከለኛው ዘመን በነበሩ የሕክምና ጽሑፎች ማር፣ ወተትና እህል ለወላድ ሴት በሚታዘዙ መድኃኒቶች ውስጥ ይገቡ እንደነበር የታሪክ ባለሙያው ያውቃል። የኬሚስትሪው ሰው ግን የማር ፕሮቲን ቢያገኝ ከወሊድ ጋር ምን እንደሚያያይዘው ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። ብራናውን የሚጠብቀው ተቋም ሠራተኞችም ከተመራማሪዎቹ ጎን በጸሐፊነት መቆማቸው ተገቢ ነው። የወላዶችና የአዋላጆች ድምፅ በጽሑፍ እምብዛም ባልቀረበት ዘመን፣ ስማቸው ያልታወቀ እናቶች በወገባቸው ላይ ባዋሉት ብራና አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መመስከራቸው ለሕክምና ታሪክ ታላቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ በጽሑፉ ውስጥ ጎልቶ የማይሰማ አንድ ድምፅ አለ። እርሱም የማሕፀንና ወሊድ ሐኪሙ ድምፅ ነው። በሕክምና ምርመራ ማንኛውም ውጤት ሲቀርብ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ምልክቱ በዚህ በሽታ ላይ ብቻ ይገኛል ወይስ በሌላም ላይ ይገኛል የሚል ነው። አንድ ፕሮቲን በብልት ፈሳሽ ውስጥ «ይገኛል» ማለት በዚያ ፈሳሽ ውስጥ «ብቻ ይገኛል» ማለት አይደለም። የሰውነት እርጥብ ሽፋኖች ከጀርም የሚከላከሉባቸውን ፕሮቲኖች ይጋራሉ፤ በብልት ፈሳሽ የሚገኙ ብዙዎቹ በምራቅ፣ በእንባ፣ በንፍጥና በላብም ይገኛሉ። በዚያ ዘመን ደግሞ ምእመናን የተቀደሰ ሥዕልን ይስሙ፣ በእጃቸው ይዳስሱና በእንባ ያርሱ ነበር። በዮርክ በሚገኘውና 1000 ዓመት ገደማ ባስቆጠረው ወንጌል ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ካህናት መሐላ የሚፈጽሙባቸው ገጾች በሰው አሻራ የበለጸጉ ሆነው ተገኝተዋል። መሳምና መዳሰስ ብቻውን ይህን ያህል የሚተው ከሆነ፣ ለምጥ መቀነቱ የሚመጥነው ማነጻጸሪያ ብዙ የተሳመና የተዳሰሰ፣ ነገር ግን ወላድ ክፍል ገብቶ የማያውቅ የጸሎት ጥቅል ነው። ብዛት ባላቸው እንዲህ ያሉ ጥቅሎች ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎ ልዩነቱ እስኪታይ ድረስ መደምደሚያው ጠንካራ ግምት ነው እንጂ የተዘጋ መዝገብ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ፕሮቲኑ መቀነቱ ስንት ሴቶችን እንዳገለገለ፣ ምጥ ሲጀምር ይሁን ልጁ ከተወለደ በኋላ በምን ሰዓት እንደታጠቁት አይናገርም። ወተቱና ጥራጥሬው መድኃኒት ይሁን ለአራሷ የቀረበ ምግብ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ በሌላ እጅ የተነካካ ነገር፣ በላቦራቶሪ መለየት አስቸጋሪ ነው። ምጥ የሚያዋልድ ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ በዚህ ላይ የምትለው ይኖራት ነበር። ምጥ ሲፋፋም ሦስት ሜትር የሚረዝም ብራና በሆድ ላይ እንዴት ይቆያል? የእንሽርት ውኃ ሲፈስ፣ ደም ሲመጣ እድፉ በየትኛው ክፍል ላይ ይጠበቃል? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ከናሙናው አወሳሰድ በፊት ቢነሡ ኖሮ ላጲሱ የሚያርፍበት ቦታ በሐኪም ምክርም ጭምር ይመረጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሐኪም ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቅዱስ ቂርቆስና ኢየሉጣ በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን በሚታሰቡባት አገር የምጥ መቀነቱ ዘመድ በየቤቱ ይገኛል። እርሱም ክታብ ነው። ክታብ በብራና ላይ በግእዝ የሚጻፍ ጥቅል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረጋል። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ የታሰበ ነውና። ከተጻፉት ክታቦች ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው፤ ፅንስ እንዳይጨነግፍ፣ ደም እንዲቆም፣ ሕፃን እንዳይሞት የሚለምኑ ጸሎቶችንም ይይዛሉ። ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን የሚያስወግደው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት በተለይ የታወቀ ነው። ከነዚህ ክታቦች ብዛት ያላቸው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮችም ተቀምጠው ይገኛሉ። ላጲስ የሚያነሣው ተመራማሪ ወደነርሱ መምጣቱ የማይቀር ነው።

በዚያን ጊዜ ከእንግሊዙ ብራና የተቀዳ ትርጉም ሊያሳስት ይችላል። አንድ ምሳሌ ብቻ ለመጥቀስ፣ ከክታብ ላይ የወተት ፕሮቲን ቢገኝ የውጭው ባለሙያ መድኃኒት ነው ሊል ይችላል። በአንገቷ ክታብ ያሰረች የአገራችን ሴት ግን ጸጉሯን ቅቤ እንደምትቀባ፣ ቅቤውም ወደ አንገቷ እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በሌላ መንገድ ያየዋል። እንዲሁም ክታብ በአብዛኛው ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋል። ስለዚህ የሰውነት ፈሳሽ የሚገኘው በማኅደሩ ላይ እንጂ በውስጡ ባለው ጽሑፍ ላይ ላይሆን ይችላል። የውጩን ቆዳ እንደ ተራ መያዣ ቆጥሮ የሚያስወግድ ሰብሳቢ ዋናውን ማስረጃ ጥሎታል ማለት ነው።

የቃላትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጅ በተደጋጋሚ የሚሞትባት እናት «ሾተላይ አለባት» ይባል ነበር። ዛሬ በሐኪም ቤት ይኸው ቃል የእናትና የፅንስ ደም በአር ኤች ያለመጣጣምን ለማመልከት ያገለግላል። አር ኤች ግን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በቀድሞ ክታብ ላይ «ሾተላይ» የሚለውን ያነበበ ተመራማሪ የአር ኤች በሽታ ማስረጃ አገኘሁ ቢል ይሳሳታል። ተደጋጋሚ የፅንስና የሕፃን ሞት ከወባ፣ ከቂጥኝና ከሌሎችም ምክንያቶች ይመጣልና። ይህን ለይቶ የሚያስጠነቅቀው ሐኪሙ ነው፤ ቃሉ በየዘመኑ የያዘውን ትርጉም የሚያስረዳው ደግሞ የግእዝና የአማርኛ ሊቁ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። በእንግሊዙ መቀነት ላይ ያለፉት ሴቶች ስማቸው አይታወቅም። በኢትዮጵያ ክታብ ላይ ግን የባለቤቷ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዴም የቀድሞዋ ስም ተፍቆ የተከታይዋ ስም ይተካል። ብዙ ሰው የክርስትና ስሙን ከነፍስ አባቱና ከቤተሰቡ በቀር ለሌላ አይናገርም። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ብራና ላይ የሚወሰድ የሰውነት ፈሳሽ ቅሪት ስም የተጻፈበት የታካሚ ናሙና ያህል ነው። በዚያ ላይ ደም መፍሰሷን ወይም ልጅ ማጣቷን የሚናገር ጽሑፍ ከስሟ ጋር ተያይዟል። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር እንዲጠብቅ የገባው ቃል ታካሚው ሲሞት የሚያበቃ አይደለም። የልጅ ልጆቿ በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። የቅርስ ባለሙያው የብራናውን ደኅንነት፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ የውጤቱን ትክክለኛነት ይጠብቃል፤ የሴቲቱን ክብር የመጠበቅ ልምድ ያለው ግን ሐኪሙ ነው።

በመሆኑም በአገራችን እንዲህ ያለ ጥናት ሲታሰብ ሐኪሙ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቁ፣ የቅርስ ጠባቂውና የላቦራቶሪው ባለሙያ አብረው መቀመጥ ያለባቸው ላጲሱ ብራናውን ከመንካቱ በፊት ነው። ውጤቱ ከተገኘ በኋላ «ትርጉሙን ንገሩን» ተብሎ የሚመጣ ጥሪ ዘግይቷል። ምን እንደሚጠየቅ፣ ማነጻጸሪያው ምን እንደሚሆን፣ ስም ያለበት ክታብ ውጤት እንዴት እንደሚታተም፣ የትኛው ክታብ ከነጭራሹ እንደማይነካ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። እያንዳንዱም «አይሆንም» የማለት መብት ሊኖረው ይገባል።

የምጥ መቀነቱ ጥናት ከነጉድለቱ ትልቅ እርምጃ ነው። የተጣለ ፍርፋሪ ሊመሰክር እንደሚችል አሳይቷል። የአንድ የጥገና ባለሙያ እምቢታ ወደ አዲስ ዕውቀት የሚያደርስ በር መሆኑንም አሳይቷል። ለኢትዮጵያ ሐኪሞች የቀረው ድርሻ ይህንኑ እምቢታ በራሳቸው ሙያ በኩል ማቅረብ ነው፤ ማስረጃው ከሚችለው በላይ እንዳይናገር፣ ክታቧን በአንገቷ አስራ ልጇን ያቀፈችው እናትም ከሞት በኋላ ያለ ፈቃዷ እንዳትገለጥ።